የስልክ ውስጥ ጀግና

ሻይ ይሻልሃል ወይስ ማኪያቶ ሲሉት “እስቲ ልጸልይበት” የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የሥራ ባልደረባዬ ታረቀኝ እንደዚያ ነው። ጸሎት ጠልቼ እንዳይመስላችሁ፤ እኔም እጸልያለሁ። እሱ ግን መልሱ ሲመጣ ቤት አይገኝም!

ባለፈው ቅዳሜ ባህል አዳራሽ አካባቢ ጭማቂ ቤት ተቀምጠን፣ ስልኩ ላይ አዲስ የኦንላይን ጨዋታ ከፈተ። ጨዋታው ገና ሲጀመር “ማንን መሆን ትፈልጋለህ? ፈዋሽ፣ ቀስተኛ ወይስ ጦረኛ?” ብሎ ጠየቀው። ታረቀኝ ዓይኑን ሳያሽ ጦረኛን መረጠ። ሁለት ሰይፍ፣ ባለ ቀንድ የብረት ቆብ፣ ሞትን የማይፈራ!

እጮኛው ምህረት የማንጎ ጭማቂዋን እያማሰለች ታየዋለች።

“ይሄንንስ አልጸለይክበትም?” አለችው።

“ጨዋታ እኮ ነው፣ ምህረትዬ።”

“እሺ፣ ቤተሰቦቼ ጋ ሽማግሌ የምትልከውስ መቼ ነው?”

ሞትን የማይፈራው ሰውዬ ስልኩ ላይ አቀረቀረ። “እሱን እንኳ... ትንሽ ልጸልይበት።”

“እኔ ጸልዬ ጨርሻለሁ” አለችና ወጥታ ባጃጅ አስቆመች።

ታረቀኝ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ “ምህረት! ነገ እልካለሁ!” እያለ ከባጃጁ ኋላ ሮጠ። ጦረኛው በጠላት ተከቦ፣ ሁለት ሰይፉን እንደያዘ እኔ ፊት ተገደለ። ማንም አልጸለየለትም።