የአራት ዓመት ልምድ በትራፓኖ

ፍሥሐ፦ መዶሻም ነው፣ መሰርሰሪያም ነው አልኩህ እኮ።

ጉተማ፦ ሁለት ከሆኑ አንደኛው የት አለ?

ፍሥሐ፦ አንድ ነው። አንድ ሆኖ ሁለት ሥራ ይሠራል። እየዞረ ይመታል። ትራፓኖ ይባላል።

ጉተማ፦ አማቴም እንደዚያ ናቸው።

ፍሥሐ፦ ምን ናቸው?

ጉተማ፦ እየዞሩ ይመታሉ።

ፍሥሐ፦ መርሁ አንድ ነው።

(ነገሩ የሆነው በ1956 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። ከየካ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ አዲስ ክሊኒክ እየተሠራ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረው የውሃ ቧንቧውን የሚሸከሙትን ብረቶች ለመትከል ጡቡን መብሳት ነው። ከግቢው ጥግ ጄኔሬተሩ ይንደቀደቃል።

ፍሥሐ ከቀበና ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ ነው የመጣው፤ ነጭ ሸሚዝ፣ ሰማያዊ ክራባት፣ በብብቱ የማሽኑን መመሪያ ይዞ። በማመልከቻው ላይ «ከመሰርሰሪያ ማሽን ጋር የአራት ዓመት ልምድ አለኝ» ብሎ ጽፏል። ሐሰት ነው ለማለትም ያስቸግራል። ፒያሳ አንድ የዕቃ መደብር ውስጥ አራት ዓመት ተቀጥሮ ሲሠራ ማሽኑ በመስታወት ሳጥን ተቀምጦ ነበር፤ ፍሥሐም በየማለዳው አቧራውን ይጠርግለት ነበር። አሁን መደብሩ ተዘግቷል። ሚስቱ ወርቅአየሁ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች። የክሊኒኩን ግንባታ የሚመሩት ኢንጂነር አባይነህ «ሰኞ ጠዋት ና፤ ሥራህ ይታያል» ብለውታል።

ሰኞ ጠዋት ሲደርስ ኢንጂነሩ የሉም። ያገኘው ማሽኑን አጠገቡ አስቀምጦ ድንጋይ ላይ የተቀመጠ፣ ጋቢ የደረበ፣ አምሳ ዓመት የሚሆነው ሠራተኛ ነው። ስሙን ቢጠይቀው «ጉተማ» አለና ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ። ፍሥሐ «ዝም ብለህ ስማ» አለው፤ በዕድሜ አባቱን ለሚያህል ሰው። የፈራ ሰው ማስተማር ይወዳል። ሐሳቡም አጭር ነበር፦ ኢንጂነሩ ሳይደርሱ ይህ ሰውዬ ቁልፉን ይጫነው፤ እሱ ራቅ ብሎ የሚሆነውን ይይ።)

ፍሥሐ፦ አንደኛ ጥንቃቄ። የተንዘረፈፈ ልብስ አይለበስም። ማሽኑ ይጠመጥመውና አንተንም ይጎትትሃል። ጋቢህን አውልቅ።

ጉተማ፦ (አጣጥፎ እያስቀመጠ) ይሄ ያንገትዎስ?

ፍሥሐ፦ ይሄ ልብስ አይደለም። ክራባት ነው።

ጉተማ፦ ማሽኑ ያውቃል?

ፍሥሐ፦ ምኑን?

ጉተማ፦ ክራባት መሆኑን።

(ጉተማ እጁን ዘረጋ።)

ጉተማ፦ ይስጡኝ፣ ጌታዬ፤ አቧራ እንዳይነካው እኔ ልያዝልዎ።

ፍሥሐ፦ ለአቧራውማ ከሆነ ያዘው። ሁለተኛ፣ መነጽር። የጡብ ፍንጣሪ ዓይን ያጠፋል። መነጽር አለህ?

ጉተማ፦ (ከኪሱ በሲባጎ የታሰረ ወፍራም መነጽር አውጥቶ) አንድ አለች። እርስዎ ያድርጓት።

ፍሥሐ፦ ይህን ከየት አመጣኸው?

ጉተማ፦ ከማሽኑ ጋር ነው የመጣችው።

ፍሥሐ፦ (መነጽሩን እያደረገ) ዕቃ በኪስ አይያዝም። ሦስተኛ፣ ይህ ጠምዛዛ ብረት ፑንታ ይባላል። ግድግዳውን የሚበላው እሱ ነው። እዚህ አፉ ውስጥ ይከተታል።

ጉተማ፦ ስፒናው ከሶኬት ተነቅሎ ነው የሚከተተው ወይስ እንደተሰካ?

ፍሥሐ፦ ስፒናን ከፑንታ ጋር ምን ያገናኘዋል?

ጉተማ፦ ምንም። ከፑንታው ጋር የሚገናኘው እጅ ነው።

ፍሥሐ፦ (መመሪያውን ገልጦ) ልነግርህ ነበር። ተነቅሎ ነው።

ጉተማ፦ ነቅዬዋለሁ።

ፍሥሐ፦ ጥሩ። ቶሎ ይገባሃል። ማለቴ፣ እንደ ሁኔታው።

(ፍሥሐ ፑንታውን ሊያስገባ ታገለ። ገፋው፣ አዞረው፣ «አፈር ብላ» አለው። ጉተማ ጠጋ ብሎ የማሽኑን አፍ በአውራ ጣቱ ወደ ኋላ ሳብ ቢያደርገው ፑንታው ቀጭ ብሎ ገባ።)

ፍሥሐ፦ አላልኩህም?

ጉተማ፦ ብለውኛል። ከግድግዳው ማዶ ማን አለ?

ፍሥሐ፦ የምን ማዶ? የምንበሳው ይህንን ፊት ነው።

ጉተማ፦ ፑንታው የቱ ፊት እንደሆነ አያውቅም።

ፍሥሐ፦ ከፈራህ ፈራሁ በል።

ጉተማ፦ አንድ ጊዜ ደርሼ ልምጣ?

ፍሥሐ፦ (በሐዘኔታ) ሂድ፣ ሂድ። ፍርሃት ፊኛ ያላላል።

(ጉተማ ግድግዳውን ዞሮ ሄደ፤ ከማዶ የሴት ድምፅና የወንበር መጎተት ተሰማ። ወዲያው ተመልሶ ቦታው ቆመ። ፍሥሐ ማሽኑን በሁለት እጁ አነሣው። መስታወቱ ውስጥ ሳለ እንዲህ አይከብድም ነበር።)

ፍሥሐ፦ አራተኛ፣ አያያዝ። አንድ እጅ ከኋላ፣ አንድ እጅ የጎን እጀታው ላይ። እግር ከፈት። በል እንግዲህ፣ ያዝና ጫነው።

ጉተማ፦ እርስዎ ቆመው?

ፍሥሐ፦ እንድትማር ነው።

ጉተማ፦ ነውር ነው። ታላቅ ሳይቆርስ ታናሽ አይበላም።

ፍሥሐ፦ አንተ በዕድሜ ትበልጠኛለህ እኮ።

ጉተማ፦ በልምድ ግን እርስዎ። አራት ዓመት ነው ያሉኝ።

(ፍሥሐ ወደ መንገዱ አየ። የሚመጣ ኢንጂነር የለም። ወደ ኋላ የሚሄድበት ሰበብም የለም። ወርቅአየሁ ጠዋት ሸሚዙን ስትተኩስለት «አይዞህ፣ የምታውቀው ሥራ ነው» ያለችው ትዝ አለው። ዓይኑን ጨፈነና ቁልፉን ተጫነ። ምንም የለም። ደግሞ ተጫነ። ምንም የለም። አንድ ዓይኑን ገለጠ።)

ፍሥሐ፦ አየህ? መጀመሪያ ዝም ማለቱ ይረጋገጣል።

ጉተማ፦ ተረጋግጧል። አሁን ቁልፉን ይልቀቁት፤ ስፒናውን ልሰካው ነው።

ፍሥሐ፦ ብይዘው ምን አለበት?

ጉተማ፦ ሲሰካ ይነሣል። እርስዎ ግን ዓይንዎን ጨፍነዋል።

(ፍሥሐ ለቀቀ። ጉተማ ሰካ። ፍሥሐ ተጫነ። ማሽኑም ተነሣ።

ፍሥሐ ጮኸ፤ ግን ከማሽኑ እኩል ስለጮኸ አልተሰማም። ፑንታው ግድግዳው ላይ ተንሸራተተ፤ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ሮጠ። ፍሥሐ ቁልፉን ሲለቅ ጡቡ ዶሮ የጫረችው መሬት መስሏል።)

ጉተማ፦ ምን ብለው ጻፉበት?

ፍሥሐ፦ ምልክት ነው። የት እንደሚበሳ።

ጉተማ፦ የቱ ጋ ነው ታዲያ?

ፍሥሐ፦ ከእነዚህ ባንዱ። አሁን ዋናው ኃይል ነው። እንዲህ ሆድህን ከኋላው ታስደግፍና መግፋት ነው።

ጉተማ፦ እሱ ራሱ እየመታ እኛ ለምን እንገፋለን?

ፍሥሐ፦ ካልተገፋ ይሰንፋል።

(ሆዱን አስደግፎ፣ ጥርሱን ነክሶ ገፋ። ፑንታው ጡቡን ያዘ፤ ገባ፤ ገባ፤ ከዚያ ቀጥ አለ። ፑንታው ሲቆም ማሽኑ ግን መዞሩን አልተወም፤ ፍሥሐን ከነእጀታው ይዞት ዞረ። የእጁ አንጓ ተጠመዘዘ፣ እጀታው ጎኑን መታው፣ አንድ እግሩ ከመሬት ተነሣ። ድንገት ጸጥ አለ። ጉተማ ስፒናውን ነቅሎ በእጁ ይዞ ቆሟል። ማሽኑ ግድግዳው ላይ ተሰክቶ ቀርቷል፤ ፍሥሐም እንደ ኮት ተንጠልጥሎበታል።)

ፍሥሐ፦ ይሄ... አምስተኛው ጥንቃቄ ነው።

ጉተማ፦ የትኛው?

ፍሥሐ፦ ሲነክስ ማጥፋት።

ጉተማ፦ ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ፍሥሐ፦ በደንብ እየተማርክ ነው።

(ጉተማ መጥቶ ፍሥሐን ከማሽኑ አላቀቀው፤ የእጁን አንጓ አገላብጦ አየና «አልተሰበረም» አለ። ከዚያ ፑንታውን በመፍቻ ወደ ኋላ እያዞረ ቀስ ብሎ ነቀለው። ፑንታውን ማሽኑ ውስጥ መልሶ ከተተ፤ መነጽሩን ከፍሥሐ ዓይን አንሥቶ ራሱ አደረገና ስፒናውን ሰካ። ጥፍሩን የምታህል ጎድጓዳ በሚስማር ቀድሞ አበጀ፤ ፑንታውን ቀጥ አድርጎ እዚያች ላይ አኖረና ማሽኑን በቀስታ አስነሣው። ቀዳዳው አፍ ሲያወጣ ጨመረለት። አልገፋም፤ የሚተኛ ሕፃን እንደሚታቀፍ ያህል ብቻ ያዘው። በየመሐሉ ሳብ እያደረገ አቧራውን ያስወጣል፣ ይመልሰዋል። ፍሥሐ አንጓውን እያሸ ያያል። ቀዳዳው ክብ፣ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ይህ የተማረ ሰው እጅ አይደለም፤ የሚያስተምር ሰው እጅ ነው።)

ፍሥሐ፦ የት ተማር... የት ተማሩ?

ጉተማ፦ እላይ እንጦጦ፣ የውሃ ጋኑ ሲሠራ። ሦስት ዓመት ሆነኝ።

ፍሥሐ፦ ኢንጂነሩስ መቼ ነው የሚመጡት?

ጉተማ፦ ዛሬ አይመጡም። «አዲሱን ሰው አንተ እየውና ያየኸውን አስጽፈህ ላክልኝ» ብለውኝ ሄደዋል።

ፍሥሐ፦ ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?

ጉተማ፦ ስጀምር «ዝም ብለህ ስማ» አልከኝ። ሰማሁ። አነጋገርህ ጥሩ ነው።

(ፍሥሐ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ። ደብቆ የሚተርፈው ነገር እንደሌለ ገባው።)

ፍሥሐ፦ ጋሽ ጉተማ፣ አራት ዓመት አቧራውን ነው የጠረግኩት። ሳጥን ውስጥ ነበር።

ጉተማ፦ ንጹሕ ነበር?

ፍሥሐ፦ በጣም።

ጉተማ፦ (ከኪሱ የታጠፈ ወረቀትና እርሳስ አውጥቶ) እንካ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። የምትጽፍልኝ ሲስተር የማርያምወርቅ ነበረች፤ ከግድግዳው ማዶ ለክሊኒኩ የመጣውን መድኃኒት ስትደረድር ነበርና ቅድም ሄጄ ከዚያ አስወጣኋት። አንተው ጻፍልኝ።

ፍሥሐ፦ ስለ ራሴ?

ጉተማ፦ ሌላ ማንን አየሁ? ጻፍ። «ፍሥሐ መሰርሰሪያ ይዞ አያውቅም።»

(እርሳሱ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ሰውየው ፊደል አያውቅም። «ጎበዝ ነው» ተብሎ ቢጻፍ ማን ያያል? ፍሥሐ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሚስቱን አሰበ፤ የተዘጋውን መደብር አሰበ። ከዚያ ስፒናውን ይዞ የቆመው እጅ ታየው። ያ እጅ ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ ዛሬ የሚጽፍበት እጅ አይኖረውም ነበር። የተባለውን ጻፈ። አንጓው እያመመው ስለሆነ ፊደሎቹ ተንጋደዱ።)

ፍሥሐ፦ ጽፌያለሁ።

ጉተማ፦ ቀጥል። «ቢሆንም መመሪያውን ማንበብ ይችላል፤ እኔ ደግሞ የሚያነብልኝ ሰው የለኝም። ከእኔ ጋር ይሁንና ይማር። በስድስት ወሩ ማሽኑን ይይዛል።»

(ፍሥሐ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ቶሎ ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ ጉተማ ሐሳቡን እንዳይለውጥ የፈጠነ ይመስል ነበር።)

ጉተማ፦ በል አንብብልኝ።

(ፍሥሐ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበበ። አንድም ቃል አላስቀረም። ጉተማ ራሱን ነቀነቀ።)

ፍሥሐ፦ ጋሽ ጉተማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «ጎበዝ ነው፣ ሁሉን ያውቃል» ብዬ ጽፌ ቢሆንስ? እርስዎ አያነቡም።

ጉተማ፦ እኔማ አላነብም።

ፍሥሐ፦ ታዲያስ?

ጉተማ፦ ኢንጂነሩ ያነባሉ። «ሁሉን ያውቃል» ካልክማ ከነገ ጀምሮ ማሽኑን ለብቻህ ይሰጡህ ነበር።

(ፍሥሐ ማሽኑን አየ። ግድግዳው ላይ የጫረውን አየ። ያበጠ አንጓውን አየ። ከዚያ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ እርሳሱን አነሣ።)

ፍሥሐ፦ «አያውቅም» የምትለዋን ላስምርባት?