የሚስቱን እግር የያዘ ባል

ሰው ሲያመው መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር ቢኖር የታመመውን ቦታ መጫን ነው። ጥርሱን ያመመው መንጋጭላውን በመዳፉ ይደግፋል፤ ራሱን ያመመው በሻሽ ጠፍሮ ያስራል፤ ሆዱን የቆረጠው ክርኑን ቀብሮበት ይንከባለላል። ይህን ማንም አላስተማረውም። እኔ ሠላሳ ዓመት በጤና ጣቢያ በድሬሰርነት ሳገለግል የተረዳሁት፣ ቻይናዎች ከእኛ የሚለዩት ሌላ ቦታ ሄደው በመጫናቸው ብቻ መሆኑን ነው። ሆድ ሲያም እግር ይጫናሉ። አትሳቁ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ ስቄያለሁ። ዛሬ ግን ማንም ቢጠይቀኝ ሳላመነታ እመሰክራለሁ፤ ሁሉን ባይፈውስም ቁርጠት ያስታግሳል።

ትምህርቱን ያገኘሁት በዚያ በክፉ ቀን ነው፤ ወሎ በረሃብ ያለቀበት፣ ንጉሡም የወረዱበት ጊዜ። ደሴ ለእርዳታ ከመጡት ሐኪሞች አንዱ ቻይናዊ ነበሩ። መድኃኒት ሲያልቅባቸው አውራ ጣታቸውን ያዘጋጃሉ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? እኔም ለእርዳታው ተልኬ ስለነበር አጠገባቸው ቆሜ አየሁ፣ ሞከርኩ፣ ቻልኩ፤ ከዚያ ወደ መካነ ሰላም ተመለስኩ። የጤና ጣቢያችን መደርደሪያ ባዶ ነበር፤ አስፒሪን እንኳ አልነበረንም። በየገበያው «መሬት ላራሹ» እየተባለ ይዘመራል፤ ለአራሷ ግን የዘመረ ሰው አልሰማሁም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አበጋዝ የሚባል ገበሬ እያለከለከ መጣ። ሚስቱ እንጉዳይ አራተኛ ልጇን ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው።

«ወልዳም ምጡ አለቀቃትም» አለኝ። «ሕፃኗ ጡት በያዘች ቁጥር ሆዷን ይቆርጣታል። ከትናንት ጀምሮ ልጅቱን አላስጠጋም ብላለች።»

ደህና ዘመን ቢሆን ይህ ብዙም አያስደነግጥም። የላም ወተት አለ፤ እሱም ቢጠፋ ጎረቤት ታጠባለች። በዚያ ዓመት ግን ላሞቹ አልቀዋል፤ የጎረቤቶቹም ጡት ደርቋል። እንጉዳይ ካላጠባች ልጅቱ እሑድን አታይም። አበጋዝም ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። አንድ ሰዓት የፈጀውን መንገድ ስንሄድ አንዳችንም ይህን አላነሣነውም።

ስንደርስ እኔ ደጅ ቀረሁ፤ ባዕድ ወንድ አራስ ቤት አይገባም። አዋላጇን እማማ ስንዱን በበሩ በኩል ጠየቅኋቸው። ትኩሳት የላትም፤ ደሟም አልበዛም፤ እንግዴ ልጁም ሙሉውን ወጥቷል። እንግዲያው ማሕፀን ወደ ቦታው ሲመለስ የሚመጣው ቁርጠት ነው፤ ደጋግማ በወለደች ሴት ይብሳል፤ ሕፃን ሲጠባ ይነሣል። የሚጫነው ቦታ በእግሯ ውስጠኛ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቷ አራት ጣት ከፍ ብሎ ነው። ማን ይጫነው? እማማ ስንዱ እጃቸውን በበሩ አውጥተው አሳዩኝ፤ ጣታቸውን ቁርጥማት ቆልምሞታል። የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ የእርዳታ ስንዴ ሊቀበሉ ተሰልፈዋል። ጤነኛ እጅ ያለው አበጋዝ ብቻ ነው።

«እኔ?» አለ ደንግጦ። «አራስ ጓዳ ልግባ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ስታስረግዛት ሰው ምን ይለኛል ብለህ ነበር?» አሉት እማማ ስንዱ ከውስጥ።

ድንጋይ ላይ አስቀምጬ የገዛ እግሩን ተጫንኩለት። ጮኸ። ቦታውን በደንብ እንዳወቀው ገባኝ። ሕፃኗ ጡት ከመያዟ በፊት እንዲጀምር፣ ጠብታ እስክትጨርስም እንዳይለቅ አስጠንቅቄ ላክሁት።

በሩ ለብርሃን ተከፍቷልና ሁሉን አያለሁ። ሲጀምር እንጉዳይ በእርግጫ መለሰችው። «ቀስ በል! በሬ መሰልኩህ?» አለችው። በሁለተኛው ተንበርክኮ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ እግሯን በሁለት እጁ ይዞ በዝግታ ተጫነ። እማማ ስንዱ ሕፃኗን አስጠጓት። እንጉዳይ ጥርሷን ነከሰች፤ ከዚያ ቆይታ ትንፋሿን ለቀቀች። ልጅቱንም አልገፋቻትም። የዚያን ጊዜ የተሰማኝን ኩራት ሚኒስትር አድርገው ቢሾሙኝም አላገኘውም ነበር።

ኩራቴ ግን ብዙ አልቆየም። ከስንዴው ሰልፍ የተመለሰች አንዲት ጎረቤት በደጅ ስታልፍ ወደ ውስጥ አየች። አገራችሁን ታውቃላችሁ። ተንበርክኮ የሰው እግር የያዘ ሰው፣ በድሎ ምሕረት የሚለምን ሰው ነው። ያውም የሚስቱን እግር፣ ያውም አራስ ቤት ገብቶ! ሴትዮዋ ስንዴዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ሮጠች። ብዙም ሳይቆይ ቄሱና ሼህ ይማም ዘንጋቸውን ይዘው ለሽምግልና ደረሱ። እኛ ዘንድ ለዕርቅ ሲሆን ቄስና ሼህ አብሮ መሄዱ የተለመደ ነው። ቄሱ አራስ ቤት ከገቡ ቅዳሴ ስለሚከለከሉ ከአጥሩ ውጭ ቆሙ፤ ሼህ ይማም እደጃፉ ተጠጉ።

«ሕክምና ነው እኮ!» አልኩ።

«አንተ ዝም በል፤ የባልና የሚስት ነገር ነው» ብለው ሼህ ይማም አፌን አስያዙኝ። ከዚያ ድምፃቸውን አለዝበው፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ ልጄ። አላህ ያሳድግልሽ። ይህ ሰው ምን ቢበድልሽ ነው እግርሽ ላይ የወደቀው?» አሉ።

የሚሳቅ መስሎኝ ጠበቅሁ። ማንም አልሳቀም። እንጉዳይ ባሏን አየችው።

«በድያለሁ» አለ አበጋዝ፣ አውራ ጣቱን ሳያነሣ። «ልጅቱ ስትወለድ፣ ‹በዚህ ቀን ደግሞ ሌላ አፍ መጣብን› ብያለሁ። በግድግዳው ሰምታኛለች።»

አፈርኩ። ስለ ማሕፀን ያንን ሁሉ ሳውቅ፣ ልጅቱን የገፋቻት በቁርጠቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። የአባትየውን ነገር መች ጠየቅሁ? ከአጥሩ ውጭ ቄሱ በረጅሙ ተነፈሱ።

«አውፍ በይው፣ ይቅር በይው ልጄ» አሉ ሼህ ይማም። «የተናገረው ረሃቡ ነው፤ እሱ አይደለም።»

እንጉዳይ የሕፃኗን ራስ አቃናች። ጭር ባለው ቤት የሕፃኗ ጉንጨት ብቻ ይሰማ ነበር። አበጋዝ ዝምታዋን እንደ እሺታ ቆጥሮት መሰለኝ፣ እግሯን ለቅቆ ሊነሣ ከጀለ።

«ማን ተነሣ አለህ?» አለችው። «ይቅር የምልህ ልጄ ስትጠግብ ነው። ገና ግራው ጡቴ አልተነካም።»

አበጋዝ ተመልሶ ተንበረከከ። ሼህ ይማም ደጃፉ ላይ ዘንጋቸውን አጋድመው ቁጭ አሉ፤ ቄሱ ከውጭ አጥሩን ተደገፉ፤ እኔም ድንጋዩ ላይ ተቀመጥሁ። ሁላችንም የዚያችን የሁለት ቀን ልጅ መጥገብ እንጠብቅ ጀመር። እሷ ግን አልቸኮለችም።