ኦንግ ቴክ ሊያንግ አርባ አንድ ታላላቆቹን በየማዕረጋቸው የጠራበት የቀትር ገድል

ዜናሁ ለኦንግ ቴክ ሊያንግ፣ የበኩር ቅርንጫፍ በኩር፣ በለንደን ሕግ ተምሮ የተመለሰ፣ የሦስት የቴኒስ ዋንጫዎች ጌታ፤ የቤቱ መሥራች ታላቁ ኦንግ ባረፉ በሦስተኛው ዓመት፣ የጎማ ዋጋ በወደቀ በአራተኛው፣ የአዳራሹ ጣሪያ ማፍሰስ በጀመረ በሁለተኛው፣ የመሥራቹ ሙት ዓመት በሚታሰብባት ዕለት፣ እንግሊዝ በሚገዛው በፔናንግ ወደብ፣ ስድሳ መስኮት ባለው ቤት የተደረገ። እኔ የቤቱ ጸሐፊ በዓይኔ ያየሁትን እጽፋለሁ፤ በሆዴ የተሰማኝንም አልደብቅም፤ የዚያን ቀን ቁርስ አልበላሁም ነበርና።

ታላቁ ኦንግ ከቻይና በአንድ ሱሪ መጡ፤ ከሰል ተሸከሙ፤ የቆርቆሮ ማዕድን አስቆፈሩ፤ ከእንግሊዝ መንግሥት ፈቃድ ተቀብለው አፍዮን ሸጡ፤ በአፍዮኑም ትርፍ ሆስፒታል አሠርተው በጎ አድራጊ ተባሉ። ምስላቸው በግዢ ባገኙት የቻይና ሹመት ካባ ተሥሎ በአዳራሹ ከእንግሊዙ ንጉሥ ፎቶግራፍ ትይዩ ተሰቅሏል፤ ሁለቱም እንዳይተያዩ ይጠነቀቃሉ። ልጆቻቸው ቤት ሠሩ፤ የልጅ ልጆቻቸው የእሽቅድምድም ፈረስ ገዙ፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱትም ፈረሶቹን ሁሉ በስም ለይተው ያውቃሉ፤ አጎቶቻቸውን መጥራት ግን ያንቀጠቅጣቸዋል።

በዚህ ቤት ሰው ከመብላቱ በፊት ይጠራልና። ከታናሹ ትውልድ በኩሩ ተነሥቶ፣ በማዕድ የተቀመጡትን ታላላቆች አንድ በአንድ፣ ከላይ ወደ ታች፣ እጅ እየነሣ በማዕረጋቸው ይጠራል፤ የተጠራውም «እ!» ብሎ ይመልሳል፤ ሁሉም ተጠርተው ሁሉም እስኪመልሱ ድረስ ማንም የመብያ እንጨቱን አያነሣም። የአባት ታናሽ ወንድም አንድ መጠሪያ አለው፣ የእናት ወንድም ሌላ፣ የታናሹ ሚስት ሌላ፣ የአያት ወንድም ሁለተኛ ሚስት ደግሞ ሌላ። ቴክ ሊያንግ ሰባት ዓመት ባሕር ማዶ ሲቀመጥ የአጎቱ ልጅ በእሱ ፋንታ ትጠራ ነበር፤ ከተመለሰ ግን ገና ሦስት ወሩ ነው፤ የእንግሊዝን ነገሥታት በተራ ይቆጥራል፣ የራሱን አክስቶች ሲያይ ግን ኮፍያውን አንሥቶ ፈገግ ብሎ ያልፋል።

አባቱና አያቱ በሕይወት ስላልነበሩ የጋብቻው ነገር በታላቋ እመቤት እጅ ነበር፤ እርሳቸውም የመሥራቹ የመጀመሪያ ሚስት፣ የሰማንያ ዓመት ባልቴት፣ የስድሳውን መስኮትና የጓዳውን ሁሉ ቁልፍ በወገባቸው የታጠቁ ናቸው። በዓሉ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረው ከደረጃው አናት ቆመው እንዲህ ሲሉ አዋጅ አስነገሩ፦

«ስሙ! ይሄ ልጅ ስዊ ኢምን ካላገባሁ ብሎ ሁለት ወር ሙሉ ምግብ በአፍንጫው ነው የሚበላው። ጥሩ ልጅ ናት፣ አባቷም ደህና መድኃኒት ሻጭ ነው። ግን የራሱን ሰው መጥራት ለማይችል ሰው የሰው ልጅ ልጠይቅለት? በሙት ዓመቱ አንድም ሳይሳሳት ሁሉንም ይጥራ፣ አማላጇን ያኔውኑ እልክለታለሁ። ከተሳሳተ ቴኒሱን ያግባ!»

ሁለተኛው አጎት፣ የወንድማቸው ልጅ ፈረስ ካለው ቤት እንዲያገባ የሚመኙት፣ ወዲያው የራሳቸውን አዋጅ አከሉ፦ «እሱ ምኑን ይጠራል! ከእንግሊዝ የተመለሰው እኮ ሻንጣው ነው!»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ልጁን የማስተማር ቀንበር በእኔ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ለውዝ በጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ ይሄኛው ሦስተኛው አጎት፣ ያችኛዋ የአምስተኛው ሚስት እያልኩ አሥራ አንድ ቀን አጠናሁት፤ ሐሳቡ ስዊ ኢም ዘንድ ሲሄድበትም ሦስተኛውን አጎት ሁለት ጊዜ በላቸው።

ወበይእቲ ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ሲሆን ማዕዱ ለሟቹ ምስል ቀረበ፤ ሁለት ሳንቲም ተጣለ፤ አንዱ በፊቱ ሌላው በጀርባው ስለወደቀ መሥራቹ ጠግበዋል ተባለ። አማላጇ ወይዘሮ ላው ማራገቢያዋን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀመጠች። የመልካም ሰዓት መጽሐፉ ለጋብቻ ጥያቄ የፈቀደው ጊዜ በዘጠኝ ሰዓት ያበቃል፤ የሚቀጥለው መልካም ቀን ሰባት ሳምንት ይርቃል፤ የባለ ማዕድኑ የቾንግ ልጅ ደግሞ መጽሐፍ የማይጠይቅ ሰው ነውና አማላጁን በማግስቱ ወደ መድኃኒት ቤቱ ሊልክ እንደ ተዘጋጀ ወደቡ ሁሉ ያውቅ ነበር። ስዊ ኢም ለእናቷ «ከቴክ ሊያንግ ሌላ አልፈልግም» ብላለች፤ አባቷ ግን ሰባት ሳምንት የሚጠብቅ ሰው አይደለም።

ወእምዝ ቴክ ሊያንግ ነጭ ሱፍ ለብሶ፣ ፀጉሩን ቀብቶ ገባ፤ ከኋላው የእሱ ትውልድ ሃያ ሦስት የአጎትና የአክስት ልጆች፣ ከእነርሱ በኋላ ሁለት ሞግዚቶች፣ ከሞግዚቶቹ በኋላ ዶሮው የሸተተው ድመት። በማዕዱም ዙሪያ ታላቋ እመቤት፣ ሁለተኛው አጎት፣ የጎማ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ከክፍላቸው ያልወጡትና ለዶሮው ሲሉ ብቻ የወጡት አምስተኛው አጎት፣ አንድ ጊዜ ከገዥው ጋር ተጨባብጠው ያችን እጅ እስከ ዛሬ በጓንት የሚይዟት ስድስተኛው አጎት፣ ከተኮራረፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናቸው ሁለት ምራቶች፣ ሌሎችም ብዙ ነበሩ፤ ድምሩ አርባ አንድ።

ጠራም። ታላቋን እመቤት ጠራ፣ «እ!» አሉት። የአያቱን ወንድሞች ጠራ፤ ሁለቱ ጆሮአቸው ስለማይሰማ አምስት አምስት ጊዜ ጠራቸው። አሥራ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ብዕሬን አስቀመጥኩ፤ ይህ አጎት ከሰባተኛው ቅርንጫፍ ተወልደው ልጅ ላልነበረው ለሦስተኛው ቅርንጫፍ የተሰጡ ናቸው፤ በተወለዱበት የጠራቸው ሰው ሁለት ቤት ያስቀይማል። ቴክ ሊያንግ ላቡን ጠረገ፤ በተሰጡበት ጠራቸው። እርሳቸውም ሁለት ጊዜ «እ! እ!» አሉ፣ ደስ ብሏቸው። ሰባት ሰዓት ተኩል ሲሆን አርባው አለቁ።

አርባ አንደኛዋ ቀረች። እርሷም ልዕልት ጌኦክ ኔዮ ናት፣ መሥራቹ በሰማንያ ዓመታቸው ከአራተኛ ሚስታቸው የወለዷት፣ የቴክ ሊያንግ አያት እኅት፣ ስለዚህም «ኮ ፖ»፣ ማለትም የአያት እኅት፣ ተብላ የምትጠራ፤ ዕድሜዋ አራት ዓመት። በሦስት ትራስ ላይ ተቀምጣ፣ ቀይ ከረሜላ በእጇ ይዛ፣ ጉንጯን በጠረጴዛው ላይ አስደግፋ፣ እንቅልፍ ወስዷት ነበር።

«ኮ ፖ!» ብሎ ቴክ ሊያንግ እስከ ወገቡ አጎነበሰ። እናቷ ትከሻዋን ልትነካ እጇን ስትዘረጋ ታላቋ እመቤት አዋጅ አወጡ፦

«እጅሽን ሰብስቢ! በዚህ ቤት ታላቅ ሲተኛ አይቀሰቀስም። ካልመለሰች አልተጠራችም፣ ካልተጠራች አንበላም። ጨረስኩ!»

ቴክ ሊያንግም እንዳጎነበሰ ቀረ። በዚያ ሰዓት ውስጥ የወጡት አዋጆች ብዙ ናቸው፤ ጥቂቶቹን እመዘግባለሁ። አምስተኛው አጎት «ዶሮው ቀዘቀዘ እኮ!» ሲሉ አወጁ። ስድስተኛው አጎት «እኔስ ታላቅ አይደለሁም? እኔ ስተኛ በር ትደበድቡ የለም እንዴ!» ሲሉ አወጁ። ከታናናሾቹ አንዱ ማንኪያ ጣለ፤ ታላቋ እመቤት «ማነው?» ሲሉ ሃያ ሦስቱም ጣሪያውን አዩ። ከተኮራረፉት ምራቶች አንዷ ለማንም ሳትል «ሾርባው ስቡ ረጋ» አለች፤ ሌላዋም «አዎ አየሁት፣ ያሳዝናል» ብላ መለሰች፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስንት ሽማግሌ ተልኮ ያልተቻለውን ዕርቅ ርሃብ አወረደው። ሁለተኛው አጎት ግን ሰዓታቸውን እያወጡ ፈገግ ይሉ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እንደዚያ ቀን ጠልቻቸው አላውቅም።

ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ ሲሆን የወይዘሮ ላው ትዕግሥት አለቀ፤ ከበረንዳው ገብታ በሙሉ ድምፅዋ «ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? ሰዓቱ አለቀ እኮ!» ብላ ጮኸች። እርሷ የቤቱ ሰው አይደለችምና ሕጉ አይይዛትም። ጌኦክ ኔዮ ዓይኗን ገለጠች፤ አንድ ያጎነበሰ ትልቅ ሰው ፊቷ አየች።

«ኮ ፖ!» አለ ቴክ ሊያንግ፣ ወገቡ እየሰነጠቀው።

«አንተ ማነህ?» አለችው።

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። እርሱም እንደ ሥርዓቱ «የታላቅ ወንድምዎ የልጅ ልጅ ነኝ» ሲል መለሰላት። ልዕልቲቱም ከንፈሯን ጣለች፤ «እኔ የልጅ ልጅ የለኝም!» ብላ ልታለቅስ ቃጣት። አጎቶችም ከየወንበራቸው «የበኩር ቅርንጫፍ!» «የሟቹ የቡን ሆክ ልጅ!» «የወንድምሽ የልጁ ልጅ!» እያሉ ጮኹባት፤ እርሷም ከትራሶቹ አንዱን በፊቷ ላይ ደፋች።

ወይእተ ጊዜ ቴክ ሊያንግ ከአባቶቹ አንድም ያላደረገውን አደረገ፤ ነጩን ሱፍ ሳይሰስት መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ትራሱን ጠጋ ብሎ፣ የሕግ ትምህርቱንም የማዕረግ ጥናቱንም ትቶ እንዲህ አለ፦

«ቴክ ሊያንግ እባላለሁ። ርቦኛል፣ ኮ ፖ። ስዊ ኢም የምትባል ልጅ አለች፣ እሷን ማግባት እፈልጋለሁ። እርስዎ ካልመለሱልኝ ለሌላ ይድሯታል።»

ትራሱ ዝቅ አለ። ልዕልቲቱ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ከረሜላዋን አንድ ጊዜ ላሰች። አርባ ታላላቆች፣ ሃያ ሦስት ታናናሾች፣ እኔና ድመቱ አፏን እንጠብቅ ነበር።

«እ!» አለች። ቀጥላም፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ «ብላ። ከዚያ አግባት» አለች።

እኔ አለቀስኩ፤ ለጠየቁኝ ሁሉ ከርሃብ ነው ብያለሁ። ሁለተኛው አጎት «ቆይ እንጂ፣ የልጅ ነገር...» ሲሉ ጀመሩ፤ ታላቋ እመቤት ግን በቁልፋቸው ጠረጴዛውን መትተው የመጨረሻውን አዋጅ አወጁ፦

«አክስትህ ተናግራለች! አክስትህን ልታርም ነው? ወይዘሮ ላው፣ ሂጂ፣ ሩጪ!»

የአርባ አራት ዓመቱ ሁለተኛው አጎትም ለአራት ዓመቷ አክስታቸው ጎንበስ ብለው ሰዓታቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ወይዘሮ ላው ለዘጠኝ ስምንት ደቂቃ ጉዳይ ሰው የሚጎትተው ሪክሾ ላይ ወጣች፤ መድኃኒት ቤቱም አራት መንገድ ብቻ ነበርና ደረሰች፤ አባትየውም መድኃኒት እየመዘኑ ሰምተዋት እሺ አሉ። እኛም በላን። ዶሮው ቀዝቅዞ ነበር፤ ማንም አላማረረም።

ስለዚህ የምታነቡ ሁሉ ተነሥታችሁ አመስግኑት፦ ታላቁ ኦንግ ቆርቆሮን ከምድር፣ ፈቃድን ከገዥዎች አወጡ፤ ልጆቻቸው ከዚያ ወዲህ ምንም ያወጡት የለም፤ ቴክ ሊያንግ ግን ወገቡን አንድ ሰዓት ከሩብ አጉብጦ፣ ሱፉን በመሬት ላይ ጥሎ፣ ከአንዲት ሕፃን አፍ የገዛ ሚስቱን አወጣ። አርባ አንዱን የጠራ፣ በአርባ አንደኛዋ ፊት ስሙን የተናገረ፣ የስዊ ኢም እጮኛ፣ ኃያልና ርኅሩኅ እርሱ ነው። ክብርም ለታላቂቱ ኮ ፖ ለጌኦክ ኔዮ ይሁን፤ በአንዲት ቃል በቤቱ ሁሉ ላይ ፈርዳ፣ ዶሮውን ሳትቀምስ፣ ከረሜላዋን በእጇ እንደያዘች ተመልሳ ለተኛችው።