ያለ ልፋት የሚወደደው አባ

መሥሪያ ቤትም ይሁን ትምህርት ቤት፣ ወታደር ቤትም ይሁን ሆስፒታል፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ያለ ልፋት የሚወደድ አንድ ሰው አይጠፋም። አርፍዶ ይመጣል፣ «እንኳን መጣህ!» ይባላል። ብርጭቆ ይሰብራል፣ «እጅህን ቆረጠህ እንዴ?» ይባላል። እርስዎ ከንጋት ጀምረው ወገብዎ እስኪቆረጥ የለፉበትን ሥራ እሱ ማታ መጥቶ «እንዴት ያምራል!» ይላል፤ ሰዉም ዞሮ እሱን ያመሰግናል። እንዲህ ያለ ሰው አላውቅም ካሉ ምናልባት ሰውየው እርስዎ ራስዎ ነዎት። እንደዚያ ከሆነ ይህን ባያነቡት ይሻላል፤ አንብበው ይስቁና ጭራሽ ያናድዱናል።

ከእነዚህ ሰዎች ሁሉ የከፋው ግን ቄስ ሆኖ የመጣው ነው። የመጣውም ከየብስ በጀልባ የአራት ሰዓት መንገድ በምትርቅ፣ ሦስት መቶ ሰው፣ አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንና ማለቂያ የሌለው ነፋስ ባለባት ደሴት ላይ ነው። የመጣባቸው ደግሞ ክቡር አባ ሥርዓት ናቸው።

አባ ሥርዓት የክርስትና ስማቸው አይደለም። «ሥርዓት አለው!» ማለት ስለሚያበዙ ደሴቱ ያወጣላቸው ነው። ሻማ ሲለኮስ ሥርዓት አለው፤ በር ሲዘጋ ሥርዓት አለው፤ ማሳልም ሥርዓት አለው፣ የሚሳለው ከስብከት በፊት ነው። ደሴቷ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ኖረዋል። የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ በገዛ እጃቸው ሦስት ጊዜ ከድነዋል፣ ግማሹን ሕዝብ አጥምቀዋል፣ የተረፈውን አጋብተዋል። ሰዉም ያከብራቸዋል። ሲያልፉ ወሬውን ያቆማል፣ ሲጋራውን ከጀርባው ይደብቃል፣ ኮፍያውን ያወልቃል። ያ ወጣት እስኪመጣ ድረስ ይህንን ፍቅር ነው ብለው ያምኑ ነበር።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው ረዳት ካህን የተላከላቸው። አባ ሥርዓት ሁለት ገጽ የእንኳን ደህና መጣህ ንግግር ይዘው ወደቡ ላይ ቆመዋል። ወጣቱ ከጀልባው ሲወርድ እግሩ አዳለጠውና ከነሻንጣው ባሕር ገባ። ዓሣ አጥማጆቹ ልብሳቸውን እንኳ ሳያወልቁ ዘለው ገቡ፤ ባለሱቁ ብርድ ልብስ ይዞ ሮጠ፤ መምህሯ ካልሲዎቹን አንድ በአንድ በመቅዘፊያ አወጣች። ሰውየው ጥርሱ እየተንገጫገጨ «ምን ችግር አለው! እኔም ዛሬ ተጠመቅኩ» አለ። ወደቡ በሳቅ ፈረሰ። ወዲያው ደግሞ «አንቱ አትበሉኝ፣ አንተ ይበቃኛል» ሲል ጨመረበት፤ እነሆ እስከ ዛሬ ሕፃን ሽማግሌው «አንተ» ይለዋል። ስሙም በዚያው ቀን አባ ምንችግር ሆኖ ቀረ። ንግግሩን የሰማው የለም። አባ ሥርዓትም በዚያ ቀን ምሳ አልበላ አላቸው።

እሳቸው ነገሩን «ለቤተ ክርስቲያን ክብር መቆርቆር» ይሉታል። እኛ ግን እንዲያው አንሸፋፍነው፤ ቅናት ነው፣ ያውም ሆድ የሚያቃጥል ቅናት።

ደግሞስ እንዴት አይቀኑ? የአባ ሥርዓት ስብከት አርባ ደቂቃ ነው፤ ሦስት ነጥብ አለው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ደግሞ ሦስት ሦስት ልጅ ወልዷል። አንድ እሑድ የአባ ምንችግር ተራ ሆነና መስበኪያው ላይ ወጥቶ ኪሱን ሁሉ ዳበሰ። ወረቀቱ የለም። «ጽፌው ነበር፣ ጠፋብኝ። እግዚአብሔር ይወዳችኋል ነበር የሚለው። ብዙ ነገር ጨምሬበት ነበር እንጂ ነገሩ ያው ነው» ብሎ ወረደ። አሮጊቶቹ አለቀሱ። ስብከት ሲጀመር ለሲጋራ የሚወጣው የባሕር መብራት ጠባቂ፣ ክብሪቱን እንደያዘ «ዛሬ ገና ገባኝ» አለ። አባ ሥርዓትን በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ማንም «ገባኝ» ብሏቸው አያውቅም።

ቀብር ላይስ? አንድ ቀን አባ ምንችግር ከሟች ሚስት በላይ አልቅሶ፣ ሴትየዋ የራሷን እንባ ጠርጋ «አይዞህ አባ፣ በቃ» እያለች ስታባብለው ዋለች። ሰዉ ሁሉ «አቤት አንጀት! አቤት ርኅራኄ!» አለለት። አባ ሥርዓት በዚያ ቀን ጉድጓዱ በልኩ መቆፈሩን፣ አበባው በሰዓቱ መድረሱን፣ የሟች ስም ከነአያቱ በትክክል መጠራቱን ሲያረጋግጡ ነው የዋሉት። «ጉድጓዱ ልኩ እንዴት ደስ ይላል!» ያላቸው አልነበረም።

ቤት ውስጥ እንኳ እፎይታ የለም። ለካህናቱ የምታበስለው እትዬ፣ ለአባ ሥርዓት ካቀረበች በኋላ እጇን አጣምራ «ይበቃዎታል አይደል?» ትላለች። ወደ እሱ ስትዞር ድምጿ ይለወጣል፤ «ብላ እንጂ፣ ምነው እንዲህ ከሳህ?» አባ ምንችግር በመጣ በሁለት ዓመቱ ቀበቶው ላይ ሦስት አዲስ ቀዳዳ አስበስቷል፤ ሁሉም ወደ ውጭ ነው።

ትልቁ ቁስል ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ኑዛዜ። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሁለት የእንጨት መናዘዣ ሳጥኖች አሉ፤ በቀኝ አባ ሥርዓት፣ በግራ አባ ምንችግር ይቀመጣሉ። የግራው ሰልፍ እስከ በሩ ይደርሳል። የቀኙ ሰልፍ አንድ ጡረታ የወጣ የጀልባ ካፒቴን ነው፤ እሱም ጆሮው አይሰማም፣ የሚመጣውም በቀኝ በኩል ያለው መንበርከኪያ ትራስ ስላለው ነው። አባ ሥርዓት በመጋረጃው ቀዳዳ አጮልቀው ይቆጥራሉ። ሃያ ሦስት ለአንድ። «ቆይ፣ ምን ቢበድሉ ነው በየሳምንቱ የሚሰለፉት?» ይላሉ በሆዳቸው። በዚህ መሃል ከግራው ሳጥን ሳቅ ይሰማል። ኑዛዜ ላይ ሳቅ! ጉድ እኮ ነው!

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ከጳጳሱ ደብዳቤ መጣ። ቁምስና ለሚሉት አንድ ትልቅ የየብስ ደብር ካህን ስላስፈለገ፣ በወሩ መጨረሻ እሑድ ራሳቸው መጥተው ከሁለቱ አንዱን ይወስዳሉ። አባ ሥርዓት አንብበው መልሰው አጠፉት። ስድሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከዚህች ደሴት ሌላ ቤት የላቸውም፤ የሚቀበሩበትን ቦታ እንኳ ከአጥሩ ሥር መርጠው አስለክተዋል። ሕዝቡ ቢጠየቅ «ይቅርልን» የሚለው ማንን እንደሆነ ደግሞ ጠንቅቀው ያውቁታል።

ስለዚህ ዘዴ ዘየዱ። ሰውን ማማት ኃጢአት ነው፤ ማመስገንን ግን ማን ከለከለ? በር ዘግተው ለጳጳሱ ስለ አባ ምንችግር መልካምነት መጻፍ ጀመሩ፤ እሱ ተሹሞ እንዲሄድ፣ እሳቸው እንዲቀሩ። ሲጽፉ ያስቸገራቸው መዋሸቱ አልነበረም፤ ያስቸገራቸው መዋሸት አለማስፈለጉ ነው። «የታመመ ሰው አጠገብ ሲቀመጥ ሰዓቱን አያይም» ብለው ጻፉና ብዕራቸውን ወረወሩ። ቆይተው አነሡት። አንድ ገጽ ያሉት ሦስት ሆነ። «እንዲህ ያለ ካህን ሦስት መቶ ሰው መሃል ተደብቆ መቅረቱ ግፍ ነው» ብለው ፈርመው በጀልባ ላኩ።

ጳጳሱ የሚመጡበት እሑድ ሲቃረብ ግን ሕሊናቸው እንቅልፍ ነሣቸው። እንዲህ ያለ ተንኮል በሆዳቸው ይዘው ከጳጳስ ጋር መቀደስ አይችሉም፤ ሥርዓት አለው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ ጀልባ ተሳፍረው ማዶ ሄደው የሚናዘዙት ለአባ ምንችግር ላለመናዘዝ ነበር። በዚያ ሳምንት ነፋሱ ጀልባውን አሰረው። ለጳጳሱ እንዳይናዘዙ ደብዳቤውን የጻፉት ለእሳቸው ነው። ደሴቷ ላይ የቀረ ሌላ ቄስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው፣ ራሱ የሚቀኑበት!

ቅዳሜ አባ ሥርዓት ከግራው ሰልፍ መጨረሻ ላይ ቆሙ። ሃያ ሦስት አንገት ዞረ። «ይቅደሙ አባ» አሉ ሁሉም። «የለም፣ በተራዬ!» አሉ እየተቆጡ። ተራቸው ሲደርስ ገብተው ተንበረከኩ፤ በፍርግርጉ መልክ አይታይም። ድምፃቸውን እንደ ትንሽ ልጅ አቀጠኑ።

«ይባርኩኝ አባ፣ በድያለሁ።»

«እግዚአብሔር ይባርክህ ልጄ። ምን አጠፋህ?»

ልጄ አላቸው! ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ዋጥ አደረጉት። «ቀንቻለሁ።»

«በማን?»

«በአንድ የሥራ ባልደረባዬ።»

«ምን አድርጎህ?»

«ምንም አላደረገኝም። የሚያበግነኝም እሱ ነው፤ ምንም ሳያደርግ ሰው ሁሉ ይወደዋል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚህ እንዲነሣልኝ ብዬ ለአለቃችን ደብዳቤ ጻፍኩ።»

«ክፉ ክፉውን?»

«በጎ በጎውን። ሦስት ገጽ።»

ሳልም ሳቅም የማይባል ነገር ተሰማ። «ውሸት ገብቶበታል?»

«አንድም!» ቅጥነቱ ጠፍቶ የገዛ ድምፃቸው ወጣ። «አንዲት ቃል ውሸት የለበትም! እሱ ነው ያቃጠለኝ!»

ማዶ ያለው ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... ሦስት ጸሎት ይድገሙ» አለ፤ «ልጄ»ው ቀርቷል።

«ለዚህ ሁሉ ተንኮል ሦስት? ሥርዓት አለው እኮ!»

«እሺ፣ አራት።»

እሑድ ነፋሱ ጸጥ ብሎ ጳጳሱ መጡ፣ ቅዳሴውም በሰላም አለቀ። ምሳ ላይ፣ እትዬ ሳህኑን ገና ሳታነሣ፣ ጳጳሱ ከኪሳቸው ያችኑ ደብዳቤ አወጡ።

«ሃያ ዓመት ጳጳስ ሆኛለሁ። ካህን ስለ ካህን ሲጽፍልኝ ምን እንደሚል አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ክስ ነው። ይህን ሳነብ ግን እንባዬ መጣ። ይህን ያህል ከቅናት የጸዳ ልብ አለ? አባ፣ ለትልቁ ቁምስና የምፈልገው የተጻፈለትን ሰው ሳይሆን የጻፈውን ነው። ዛሬውኑ አብረን እንሄዳለን።»

አባ ሥርዓት የያዙት ማንኪያ ወለል ላይ ወደቀ።

አባ ምንችግር ፊቱ ቀላ። አንዲት ቃል ቢናገር አባ ሥርዓት ይተርፋሉ፤ ያቺን ቃል ግን የሰማት በኑዛዜ ነው፣ ኑዛዜ የሰማ ካህን ደግሞ ቢገደልም አይናገርም። ውኃ ጠጣ፣ አነቀው። በመጨረሻ ብድግ አለ።

«ብፁዕ አባታችን፣ እኔ ልሂድ። እሳቸው ይቅሩ። ይህ ቤታቸው ነው፤ ጣሪያውንም ከእሳቸው በቀር የሚያውቀው የለም። እባክዎን።»

«ተመልከቱ እስቲ!» አሉ ጳጳሱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። «አንዱ ከአንዱ የሚብስ! እንግዲህ ጨርሻለሁ፤ አባ፣ ሻንጣዎን።»

አባ ሥርዓት ቀና ብለው ወጣቱን አዩት። ሁሉንም ያውቃል። ሊያባርሩት እንደፈለጉ እያወቀ ነው «እኔ ልሂድ» ያለው። እንደገና ቀኑበት፤ የአሁኑ ከሁሉ ባሰባቸው። ቆሙ።

«ብፁዕ አባታችን፣ ደብዳቤውን የጻፍኩት በቅናት ነው። እንዲወስዱልኝ ብዬ ነው። ከቅናት የጸዳ ልብ ያሉት ልብ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲበግን የኖረ ልብ ነው።»

እትዬ በሩ ላይ አፏን ያዘች። ጳጳሱ ደብዳቤውን አዩ፣ ሰውየውን አዩ፣ ፊታቸው ጠቆረ። «እንዲህ ከሆነማ ይኸው፣ እሱን እወስደዋለሁ። የፈለጉት ይህን አልነበረም?»

የፈለጉት ይህን ነበር። «አዎ» ማለት ብቻ ነው የቀራቸው።

«አይውሰዱት» አሉ።

«ምን?»

«አይውሰዱብኝ።»

«ለምን ሲባል?»

አባ ሥርዓት በነጥብ በነጥብ ሊመልሱ ጣታቸውን አነሡ። አንደኛ ብለው ቆሙ፤ ሁለተኛ የለም፣ አንደኛም የለም። ጣታቸውን አወረዱት።

«እሱ ከሄደ እኔ በማን እቀናለሁ?» አሉ። «እሱ ከመምጣቱ በፊት እኮ አሥራ ስድስት ዓመት እዚህ ገበታ ላይ ብቻዬን ነው የበላሁት።»

ጳጳሱ ደብዳቤውን አጥፈው ወደ ኪሳቸው መለሱት። አሥር ሰዓት ላይ ጀልባው ሲነሣ ያሳፈረው ጳጳሱን ብቻ ነበር።