የሚነዝረው ብርድ ልብስ

በጋው ሲከር ኮልፌ ውስጥ ሰው ሁሉ ኤሌክትሪክ ያመነጫል። እስቲ አትሳቁ! ጥር ላይ የናይሎን ሹራባችሁን ስታወልቁ ፀጉራችሁ ቀጥ ብሎ ቆሞ አያውቅም? ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ጃኬት ነዝሯችሁ አልዘለላችሁም? ሱፍና ናይሎን ሲፋተጉ አንዱ ከሌላው ኤሌክትሮን ይወስዳል፤ ከዚያ የወሰደውም የተወሰደበትም ኤሌክትሪካቸውን ቋጥረው ይቀመጣሉ፣ የሚነካቸው እስኪመጣ። ይህን ሠላሳ ዓመት በማበጠሪያና በቁራጭ ወረቀት ሳስተምር ኖሬአለሁ። ጡረታ ወጥቼም ማስረዳቱ አልለቀቀኝም።

ታላቅ እህቴ ብርቄ፣ እናታችን ከሞተች ወዲያ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችኝ፣ አምና ሳንባዋን ታማ ተኛች። ሐኪሙ መድኃኒቱን ከጀመረች ቆይታለችና አሁን አይተላለፍም ብሎናል። እኛ ግን ኩባያዋን ለየን። እኔም ልጠይቃት ስሄድ ወንበሬን በሩ ላይ አደርግ ነበር፤ ለንፋሱ ነው እላለሁ። ውሸቴን ነው።

አንድ ጠዋት የቸርች ጓደኛዋ እህት ራሔል ልትጸልይላት መጣች። በሱፍ ካልሲ የፕላስቲክ ምንጣፉን እየረገጠች፣ የናይሎን ብርድ ልብሱን በእጇ እያሻሸች ስትጸልይ ቆየችና የብርቄን ግንባር ስትነካ ጣ! አለ። ሁለቱም ደነገጡ።

«ተነካሁ» አለች ብርቄ፣ ፊቷ በርቶ። እህት ራሔል አለቀሰች፤ እጇንም ከግንባሯ ሳታነሳ ብዙ ቆየች።

እኔ ታዲያ ዝም ብል ምን ነበረበት? ራሔል እንደወጣች፣ እዚያው በሩ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ስለ ሱፉ፣ ስለ ናይሎኑ፣ ስለ ደረቁ አየር አንድ በአንድ አስረዳኋት። ድኛለሁ ብላ መድኃኒቷን እንዳታቆም ፈርቼ ነው። ብርቄ እስክጨርስ እንደ ጨዋ ተማሪ አዳመጠችኝ።

«ብርድ ልብሱ መሆኑን መች አጣሁት? እኔንም በተገላበጥኩ ቁጥር ይነዝረኛል» አለች። «መድኃኒቴንም አላቆምም። ግን ከታመምኩ ወዲህ በእጁ የነካኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።»

አፈርኩ። ተነስቼ አልጋዋ ድረስ ሄድኩና እጄን ዘረጋሁላት። እሷ ግን እጇን ብርድ ልብሱ ስር ደበቀች።

«ተው የኔ ልጅ፣ ይነዝርሃል» አለችኝ።

እኔም እሺ ብዬ ተውኩ፣ ነገ እይዛታለሁ ብዬ። በማግስቱ አረፈች።