ዕድርተኛ የነካው ማስታወቂያ

የሚጠላችሁን ሰው ትሸሹታላችሁ፣ ሰላምታ ትነፍጉታላችሁ፣ ካስፈለገም ትከሱታላችሁ። የሚወዳችሁንስ ምን ታደርጉታላችሁ? እስቲ ንገሩኝ። እኔ በወዳጅ የተቃጠልኩ ሰው ነኝ።

የመሥሪያ ቤት ሥራዬን ትቼ ድረ ገጽ ከፍቻለሁ። የምጽፈው ስለ ቤት ጥገና ነው፤ ስለሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ ስለሚያፈስ ጣሪያ፣ ስለተሰነጠቀ ግድግዳ። ባህር ማዶ ያለ አንድ ድርጅት ጽሑፌን በማሽን ያነብና ከጉዳዩ ጋር የሚሄድ ማስታወቂያ ይለጥፍበታል። አንባቢ ወዶ ሲነካው ለእኔ ሳንቲም ይደርሰኛል። ማሽኑ እንኳ አማርኛው ብዙም አይደለም። ስለተሰነጠቀ ግድግዳ ብጽፍ ለተሰነጠቀ ተረከዝ የሚሆን ቅባት ለጥፎልኛል። ይሁን፣ ያው መሰንጠቅ ነው ብዬ አለፍኩት።

ባለቤቴ አልማዝ ግን አላለፈችኝም። ለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ሲሚንቶ የሚሸጥ ወንድም አላት። እስከ ፋሲካ የቤት ኪራይ የሚሸፍን ገቢ ካልመጣ ወንድሟ ሱቅ እንደምገባ ቁርጡን ነግራኛለች። ከእሱ ሥር ከምሠራ ደግሞ ሲሚንቶውን ብቅመው ይሻለኛል።

ስለዚህ ማሻሻል ጀመርኩ። ማስታወቂያውን ከገጹ ግርጌ አንስቼ ከመጀመሪያው አንቀጽ ሥር አስቀመጥኩት። የታንከርና የፓምፕ ማስታወቂያ እንዲመጣልኝም ስለ ውሃ ታንከር ዘርዝሬ ጻፍኩ። ወዲያው ገቢዬ ሽቅብ ተተኮሰ! እራት ሳይቀርብ ለአልማዝ ስለ ማስታወቂያ አቀማመጥ ጥበብ ገለጻ አደረግኩላት። እንዲያውም ወንድሟ ለሱቁ ምክር ከፈለገ ጊዜ እንደማልነፍገው ጠቆም አድርጌያለሁ። በሳምንቱ ድርጅቱ አገደኝ፤ ከአንድ አካባቢ ብቻ የሚመጣ አጠራጣሪ መነካካት ታይቷል ይላል።

አጠራጣሪው አካባቢ ሀና ማርያም ነው፤ የገዛ ሰፈሬ። አጠራጣሪዎቹ ደግሞ የዕድሬ አባላት። ለነገሩ ጥፋቱ የጀመረው በዕድር ስብሰባ ላይ ነው። ሊቀመንበራችን ጋሽ ተክሌ ምን ሠርቼ እንደምበላ ጠየቁኝና ይህንኑ የማስታወቂያ ነገር አስረድቼ ወጣሁ። እኔ ከወጣሁ በኋላ፣ ይሉኝታ ይይዘዋልና እንዳይሰማ ተባብለው ውሳኔ አሳልፈዋል፤ እያንዳንዱ አባወራ ጠዋትና ማታ ማስታወቂያዬን እንዲነካ፣ ያልነካ እንደ ቀብር ቀሪ እንዲቀጣ! ጎረቤቴ እትዬ ጽጌማ ስልካቸው እስኪግል ሲነካኩልኝ እንደከረሙ በኩራት ነገሩኝ። ምን ልበላቸው? ደግ ባደረገ ሰው ላይ ይጮሃል እንዴ?

ጋሽ ተክሌ መታገዴን ሲሰሙ ሽማግሌ እንላክ አሉ። ወደ ማን? ወደ ድርጅቱ ነዋ። ቢሮው ባህር ማዶ እንደሆነ፣ ያገደኝም ማሽን እንደሆነ ብነግራቸው፣ ማሽንም ቢሆን የሚያዘው ሰው አያጣም ብለው ሞገቱኝ። በመጨረሻ እኔው ዕድር ማለት ምን እንደሆነ አብራርቼ፣ ተለማምጬ ለድርጅቱ ጻፍኩ። ይገርማችኋል፣ እገዳው ተነሳ። አንዴ ከተደገመ ግን ለዘለዓለም እንደሚዘጉብኝ አስጠነቀቁኝ።

እየሮጥኩ ጋሽ ተክሌ ቤት ሄድኩ። በሀና ማርያም ይዣችኋለሁ፣ ማስታወቂያዬን ማንም እንዳይነካብኝ ብዬ ለመንኩ። ዕድሩ ተሰብስቦ ልመናዬን በሙሉ ድምፅ ተቀበለ፤ የነካ ይቀጣል ተባለ፣ ተቆጣጣሪ ኮሚቴም ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ እፎይ ብዬ መጻፌን ቀጠልኩ። ጽሑፉም ሰመረልኝ፣ እውነተኛ አንባቢም መምጣት ጀመረ። ፋሲካ ሲቃረብ ገቢዬን ልይ ብዬ ብከፍት ተዘግቷል። ለዘለዓለም።

በንዴት ጋሽ ተክሌ ዘንድ ሄጄ ማን ነው የነካው አልኩ። ሽማግሌው ቅር አላቸው። እንዲህ ያለ ነገር በእሳቸው ዕድር እንዴት ይታሰባል?

«ልጄ ይሙት፣ አንድም ሰው አልነካም» አሉኝ። «ኮሚቴው ራሱ በየጠዋቱ እየተሰበሰበ፣ እያንዳንዷን ማስታወቂያ ነካ ነካ እያደረገ ነው አለመነካቷን የሚያረጋግጠው።»