ራሱን የቻለ ቤትና ራሱን የቻለ ኮሚቴ

ታላላቅ ሥራዎች ሁሉ ጸሐፊ ያስፈልጋቸዋል። ሥራው ባይሠራ እንኳ መጻፍ አለበት። በመሥሪያ ቤታችን «የሠራተኞች የመኖሪያ ቤት ችግር አቃላይ ኮሚቴ» ሲቋቋም እኔ ባህሩ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ በሙሉ ድምፅ ተመረጥኩ። በሙሉ ድምፅ ያልኩት የሚቃወም ስላልነበረ ነው። በዚያ ስብሰባ ያልተገኘሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሚሌኒየሙ ባለፈ በዓመቱ ነው። ሐዋሳ በየአቅጣጫው ትሰፋ ነበር። በምሥራቅ ክፍለ ከተማ ክረምት ላይ በቆሎ ያየንበት ቦታ ለፋሲካ የብረት በር ይተከልበታል። ቤቱ እንዲህ እየተሠራ ሠራተኛው የሚከራየው ቤት ማጣቱ ግን ጥናት የሚሻ ጉዳይ ሆኖ ተገኘ። ለጥናቱም ኮሚቴ፣ ለኮሚቴውም ሊቀ መንበር አስፈለገ።

ሊቀ መንበራችን የዕቅድ ክፍል ኃላፊው አቶ ሰይፈሚካኤል ናቸው። እሳቸው የሚኖሩት ባለቤታቸው ከአባቷ በወረሰችው ቪላ ውስጥ ስለሆነ የቤት ችግርን ያለ አንዳች አድልዎ ማየት ይችላሉ። ችግር ያለበት ሰው ቢመረጥ ኖሮ በስሜት ይቸኩል ነበር። አቶ ሰይፈሚካኤል ግን በስድስት ወር ውስጥ አንድም ጊዜ አልቸኮሉም።

በዚህ መካከል ነው ኤልናታን የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ችግር የደረሰበት። ኤልናታን ዝምተኛ፣ ፋይል የማይጠፋው፣ እሑድ እሑድ በቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን ውስጥ ከኋላ ቆሞ የሚዘምር ሰው ነው። ከባለቤቱ ከሩሀማ ጋር እዚያው ሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ በወይዘሮ ሙሉጌጥ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። አንድ ማለዳ ሩሀማ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ወይዘሮ ሙሉጌጥ ከላይ እስከ ታች አዩዋት።

«ሩሀማ፣ ወፈርሽ ወይስ…?»

«ወይስ ነው፣ እትዬ» አለች ሩሀማ።

«እንዲያ ነው? እንኳን ደስ ያለሽ። ስትገቡ ግን ሁለት ነበራችሁ። እኔ የሕፃን ለቅሶ ራሴን ያመኛል። እስከ ወር መጨረሻ ቤት ፈልጉ።»

ኤልናታን እንደ ማንኛውም ሥርዓት አክባሪ ሠራተኛ መጀመሪያ የመጣው ወደ ኮሚቴው ነው። አቶ ሰይፈሚካኤል በጥሞና አዳምጠው «ችግርህን ተቀብለናል» አሉት። እውነትም ተቀበልነው። ፋይል ከፈትንለት፤ ፋይሉንም መዝገብ ቤት እንዲያስቀምጠው መልሰን ለራሱ ሰጠነው።

ከዚያ ወደ ደላላ ሄደ። ዋሲሁን የሚባለው ደላላ በምሥራቅና በአዲስ ከተማ የማያውቀው በር የለም ይባላል። ኤልናታን የሚፈልገውን ነገረው፦ ትንሽ ትሁን፣ ዋጋዋ የሚቀመስ ይሁን፣ ብቻ ራሷን የቻለች ትሁን።

«አለችኝ!» አለ ዋሲሁንና በባጃጅ ይዞት ሄደ። ደርሰው ሲያዩ አራት ቋሚ እንጨትና አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ብቻ ቆሟል።

«ግድግዳው የታለ?» አለ ኤልናታን።

«ራሱን የቻለ አላልክም? ይኸው፣ ከማንም ግድግዳ ጋር አልተጣበቀም።»

«የለማ! የሌለ ግድግዳ ከምን ይጣበቃል?»

«ወንድሜ፣ ዛሬ ካልያዝከው ነገ ግድግዳ ይበጅለትና ዋጋው በእጥፍ ይጨምራል» አለ ዋሲሁን፣ የእውነት አዝኖለት።

ሁለተኛው ቤት ግድግዳ ነበረው። ነገር ግን የአከራዩ ቤተሰብ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ በኤልናታን መኝታ ክፍል ማለፍ ይኖርበታል። «ቤተሰቡ ሰባት ብቻ ነው፤ ደግሞ ሰላምተኞች ናቸው» አለ ዋሲሁን። ሩሀማ በዚያን ቀን አብራ ነበረች። ዞራ ወደ ባጃጁ ተመለሰች።

ሦስተኛውን ቤት ያገኘው ኤልናታን ራሱ ነው፣ በብስክሌት ሲዞር። ምሥራቅ ውስጥ፣ ከአንድ የፓፓያ ዛፍ ሥር፣ ሁለት ክፍል ቤት። የራሱ ማድ ቤት፣ የራሱ መጸዳጃ፣ የራሱ በር። ባለቤቷ እማማ ኡሙልኸይር ገበያ ውስጥ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አሮጊት ናቸው። ቤቱን ያሠሩት ለልጃቸው ነበር፤ ልጁ ግን ሥራ አግኝቶ አዲስ አበባ ቀረ። የጠየቁት ኪራይ ኤልናታን ሁለት ጊዜ እስኪያስደግማቸው ድረስ ትንሽ ነበር።

«እናቴ፣ አልደብቅዎትም። ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት» አላቸው።

«ታዲያ ልጅ የማይጮህበት ቤት መጋዘን ነው እንጂ ቤት ነው?» አሉ እማማ ኡሙልኸይር። «አንድ ነገር ብቻ፤ ከመሥሪያ ቤትህ ወረቀት አምጣልኝ። ባለፈው አንዱ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ብሎ ገብቶ፣ ሲወጣ በሩን ነቅሎ ሄዷል።»

ኤልናታን እየሮጠ መጣ። ሠራተኛ መሆኑን የሚገልጽ ሁለት መስመር ደብዳቤ ነው የሚፈልገው። ጉዳዩ የቤት ጉዳይ ስለሆነ ለኮሚቴው ተመራ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ፣ እግራቸው በተሰበረ ወንበሮች መካከል ነው። በዚያ ቀን ግን የተገኘው ቤት ወሬ ስለተሰማ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስታችንም ተሟላን።

«ቤቱ ራሱን የቻለ ለመሆኑ ማስረጃህ ምንድን ነው?» ሲሉ አቶ ሰይፈሚካኤል ጠየቁ።

«አይቼዋለሁ።»

«አንተ ያየኸው እንደ ግለሰብ ነው። እንደ ተቋም መታየት አለበት።»

እናም በማግስቱ በመሥሪያ ቤቱ መኪና ሄደን እንደ ተቋም አየነው። ከሐይቁ ወገን ቀለል ያለ ነፋስ ይመጣል። አቶ ሰይፈሚካኤል ኮታቸውን አውልቀው ከፓፓያው ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ ዓይናቸውንም ጨፈን አደረጉ። የታሪክ ሰዎች ትልቅ ሐሳብ ሲመጣላቸው እንዲህ እንደሚያደርጉ ይታወቃል።

«የተከበራችሁ አባላት» አሉ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ይህ ኮሚቴ ለምን ውጤታማ እንዳልሆነ ዛሬ ገባኝ። ራሱ ቤት የሌለው ኮሚቴ እንዴት አድርጎ ለሌላው ቤት ያገኛል?»

ቤቱ ለኮሚቴው ጽሕፈት ቤት እንዲከራይ አምስታችንም እጃችንን አወጣን። የእኔ እጅ ከሁሉም ዘግይቶ እንደወጣ ለታሪክ እዚህ እጽፋለሁ፤ በቃለ ጉባኤው ላይ አልጻፍኩትም።

ከዚያም አቶ ሰይፈሚካኤል ለእማማ ኡሙልኸይር አጭር ማብራሪያ ሰጡ። «እናቴ፣ ያለንበት ወቅት ኪራይ ሰብሳቢነትን በጽናት የምንታገልበት ወቅት ነው።»

አሮጊቷ ደነገጡ። «ምነው ልጄ! ኪራይ ካልሰበሰብኩ ቤቱን ለምን አከራያለሁ?»

«እሱ ሌላ ነው። እርስዎ ልማታዊ አከራይ ነዎት። እዚህ ጋ ይፈርሙ።»

«ወረቀቱ የኤልናታን ነው?»

«ለሠራተኛው ጥቅም ሲባል የተዘጋጀ ነው» አሉ አቶ ሰይፈሚካኤል። ውሸት አይደለም። ውሉን የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ፤ «ለሠራተኛው ጥቅም» የሚለው ሐረግ ሦስት ቦታ ላይ አለበት። እማማ ኡሙልኸይር ፈረሙ።

ለኤልናታን ግን ማንም የነገረው አልነበረም። ውሳኔ ለሚመለከተው አካል የሚገለጸው ቃለ ጉባኤው ከጸደቀ በኋላ ነው። ስለዚህ ውሉ የተፈረመው ለእሱ መስሎት ቅዳሜ ጠዋት አልጋውን፣ ፍራሹንና ድስቱን በጋሪ ጭኖ፣ ሩሀማን ከፍራሹ ላይ አስቀምጦ መጣ። እኔ በዚያ ሰዓት መሰላል ላይ ቆሜ የኮሚቴውን ታፔላ በበሩ አናት ላይ እየመታሁ ነበር።

ኤልናታን ታፔላውን አነበበ። እንደገና አነበበ። «ጋሽ ባህሩ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

ልመልስለት አፌን ከፈትኩ፤ አፌ ውስጥ ግን ሚስማር ይዤ ነበር። ሁለቱን ሚስማሮች እጄ ላይ ተፍቼ ሁሉንም ነገርኩት። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። የጋሪውን ጎን ይዞ ቆመ። የአሮጌው ቤት ቁልፍ ከአንድ ሰዓት በፊት ተመልሷል።

ሩሀማ ናት የተናገረችው። «ሁለት ወር ቀርቶኛል» አለች ከፍራሹ ላይ ሆና። «ፋይል ውስጥ አልወልድ!»

እማማ ኡሙልኸይር ድምፅ ሰምተው ከጎረቤት መጡ። ውሉን ከመቀነታቸው አውጥተው ለሩሀማ ሰጧት፤ እሷም ጮክ ብላ አነበበችላቸው። ስትጨርስ አሮጊቷ ወደ እኔ ቀና አሉ።

«አንተ ልጅ፣ ና ውረድ። እነዚህ ሰዎች በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚመጡት?»

«በመመሪያው መሠረት በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ ሐሙስ ከሰዓት። ምልዓተ ጉባኤ ከተሟላ።»

«ይሟላል?»

«ሁለት ጊዜ ተሟልቷል። የዚህ ቤት ወሬ የተሰማ ቀንና ቤቱን ለማየት የመጣን ቀን።»

እማማ ኡሙልኸይር ሁለተኛውን ቁልፍ አወጡና በሩን ከፈቱ። «አልጋውን አስገቡ» አሉ።

«እናቴ፣ ይሄ ማጭበርበር አይሆንም?» አለ ኤልናታን። ሰውየው እንዲህ ነው።

«ወረቀቱ ምን ይላል? ቤት ለቸገረው ሠራተኛ ጥቅም ይላል። አንተ ሠራተኛ አይደለህም? ቤትስ አልቸገረህም? በል ያዝ፣ በዚያ በኩል አንሳ!»

አልጋውን በአንድ በኩል ኤልናታን፣ በሌላ በኩል እኔ ያዝን። በዕለቱ የሆነውን ግን አልመዘገብኩም። ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም።

አራት ወር አለፈ። ኮሚቴው ጽሕፈት ቤት ካገኘ ወዲህ ሥራው የተቃና ስለመሰለው ጨርሶ መሰብሰብ ተወ። ሩሀማ ሴት ልጅ ወለደች፤ ወንጌላዊት አሏት። ልጅቷ ሳንባዋ ጠንካራ ነበር፤ እማማ ኡሙልኸይርም በየቀኑ ከገበያ ሲመለሱ ለቅሶዋን ሊሰሙ ጎራ ይላሉ።

አንድ ማክሰኞ ከበላይ አካል የግምገማ ቡድን እንደሚመጣ ተነገረ። አቶ ሰይፈሚካኤል ጽሕፈት ቤቱን አስቀድመው ለማየት እኔን ይዘው በረሩ። በሩ ላይ ስንደርስ ቆሙ። በታፔላው ላይ ከዳር እስከ ዳር ነጫጭ ጨርቆች ተሰጥተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የልጅቷ የሽንት ጨርቅ ነው» አለች ሩሀማ፣ ልጇን አቅፋ ብቅ ብላ።

«በኮሚቴው ታፔላ ላይ?»

«ፀሐይ የሚያገኘው እሱ ብቻ ነው፣ ጋሼ።»

አቶ ሰይፈሚካኤል ደም ሥራቸው ተገታተረ። «ውጪ!» ለማለት አፋቸውን ሲከፍቱ ከኋላችን መኪና ቆመ። የግምገማ ቡድኑ መሪ ወይዘሮ ሮማን ደብተራቸውን ይዘው ወረዱ።

«ይህች ማን ናት?» ሲሉ ጠየቁ።

ሩሀማ ሊቀ መንበሩን አልጠበቀችም። «የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ የኤልናታን ባለቤት ነኝ። ቤት አጥተን መንገድ ላይ ልንወድቅ ነበር። አሁን እዚህ እንኖራለን» አለች። አንዲት ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም።

አቶ ሰይፈሚካኤል ምራቃቸውን ዋጡ። ሰው አመራር የሚሆነው ምራቅ በሚዋጥባት በዚያች ቅጽበት ነው። ፊታቸው ፈካ፤ እጃቸውን በሩሀማ ትከሻ ላይ አኖሩ።

«የመጀመሪያዋ ተጠቃሚያችን!» አሉ።

ወይዘሮ ሮማን ብዙ ግምገማ ላይ ብዙ ሪፖርት ሰምተዋል፤ የሚያለቅስ ውጤት ያለው ሪፖርት ግን አይተው አያውቁም። ወንጌላዊትን ተቀብለው አቀፉ። ቀረበ የተባለ ችግር አንድ፣ የተፈታ አንድ፣ አፈጻጸም መቶ በመቶ ብለው ጻፉ። ኤልናታን እንዲኖርበት፣ ኪራዩም ከደመወዙ እንዲቆረጥ ተወሰነ፤ እማማ ኡሙልኸይር ለእሱ አስቀድመው በጠየቁት ዋጋ። እሱም በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ተረጋግቶ ተኛ።

እዚህ ላይ ቢቆም ጥሩ ነበር። ነገር ግን ጥሩ ነገር ከሆነ መስፋት አለበት ተባለ። ተሞክሮው ተቀምሮ ለሌሎች መሥሪያ ቤቶች እንዲሰራጭ ታዘዘና የመመሪያው ማርቀቅ በእኔ ላይ ወደቀ። ከቃለ ጉባኤው ላይ እየገለበጥኩ አሥራ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። አንደኛ፣ ኮሚቴ ይቋቋማል። ሁለተኛ፣ ኮሚቴው ተመጣጣኝ ዋጋ ያለው፣ ራሱን የቻለ አነስተኛ ቤት ይከራያል። በቤቱ ውስጥ አስቀድሞ የገባ ተከራይ ካለ እንዲለቅ የሚጠየቅበትን ደብዳቤ ናሙናም በአባሪነት አያያዝኩ። ቤተሰቡ ወደ ቤቱ የሚገባበትን ደረጃ ግን አልጻፍኩትም፤ ያ የሆነው ቅዳሜ ስለሆነ ቃለ ጉባኤ ላይ የለም።

መመሪያው ያለ አንዳች ጉድለት ተፈጸመ። በሁለት ወር ውስጥ በምሥራቅም ሆነ በአዲስ ከተማ አንዲት የሚከራይ ትንሽ ቤት አልተረፈችም። በየበሩ የቤት ችግር አቃላይ ኮሚቴ ታፔላ ተሰቀለ። ቤቶቹ ንጹሕና ጸጥተኛ ናቸው፤ ውስጣቸው ሰው የለም። የቀሩት ቤቶች ኪራይ ሰማይ ነካ። ዋሲሁን ደላላነቱን ትቶ የኮሚቴዎች አማካሪ ሆነ።

እኔ ከባለቤቴ ከአልማዝና ከሦስት ልጆቼ ጋር ስምንት ዓመት የኖርኩት በአንዲት ትንሽ፣ ግቢዋ ለብቻ በሆነ የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። ባለፈው ረቡዕ ከሥራ ስመለስ አልማዝ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። በእጇ ማኅተም ያለበት ፖስታ ይዛለች።

«አንብበው» አለችኝ። «እኔ አንብቤዋለሁ።»

አነበብኩት። ቤቱ ለሠራተኞች የመኖሪያ ቤት ችግር ማቃለያ ተግባር ስለተፈለገ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ እንድንለቅ በአክብሮት ይገልጻል። ግልጽ፣ አጭር፣ ጨዋነት የተሞላበት ደብዳቤ ነው። ከስማችን በስተቀር ቃል በቃል የእኔ ነው፤ አንዲት ነጥብ እንኳ አላጎደሉበትም።

«ታዲያ ምን ልታደርግ ነው?» አለች አልማዝ።

ብዕሬን አወጣሁና ከግርጌው «ደርሶኛል» ብዬ ፈረምኩ።